ጡረታው ለሚስት ይደርሳል፤ ቤቱስ?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እርስዎ በሠራዊቱ የሕግ ክፍል ብዙ ዘመን ስለሠሩ ልጠይቅዎ መጣሁ። አባቴ ደክሟል። ስለ ኑዛዜ ሳነሳበት «እኔ ብሞት ሚስቴ ጡረታዬን ትበላለች፤ ሌላ ምን አለኝ?» ይላል። እውነቱን ነው?

አዛውንቱ፦ ስለ ጡረታው ልክ ነው። ሕጉ ለሟች ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። በወር 6,000 ብር የሚቀበል ከሆነ ለእሷ 3,000 ብር ይደርሳታል። ይህ ገንዘብ ውርስ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 828 ከውርስ ለይቶታል። ስለዚህ አባትሽ ጡረታውን ለማንም ሊናዘዘው አይችልም። ግን የጋብቻ ማስረጃ አላቸው?

ወጣቷ፦ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ወረቀት ያለ አይመስለኝም።

አዛውንቱ፦ በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ የጸና ነው። ነገር ግን ባል ከሞተ በኋላ ይህን ማስረዳት የሚወድቀው በሐዘንተኛዋ ላይ ነው። የጓዶቼ ሚስቶች ምስክር ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ፤ በጣም ያንገበግበኛል። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ወረዳ ሄደው ያስመዝግቡ።

ወጣቷ፦ ቤቱንስ እሷ አትወርስም?

አዛውንቱ፦ አትወርስም። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ በቅድሚያ ልጆች ናቸው፤ ባልና ሚስት አይወራረሱም። ሚስት የምትወስደው ከጋራ ሀብት ግማሹን ነው፤ እሱም ራሱ የእሷ ስለሆነ ነው። አባትሽ ቤቱን የሠራው መቼ ነው?

ወጣቷ፦ ከሟች እናቴ ጋር፣ ይቺን ሳያገባ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው የቤቱ ግማሽ የእናትሽ ነበር፤ እሷ ስታርፍ ለእናንተ ለልጆቿ ተላልፏል። የቀረው ግማሽ የአባትሽ የግል ሀብት ነው። እሱ ሲያርፍ ያም ለልጆቹ ይሄዳል። የአሁኗ ሚስቱ ከእሱ ጋር በጋራ ገንዘባቸው ክፍል ጨምረውበት እንደሆነ የድርሻዋን ትጠይቅ ይሆናል እንጂ የቤቱ ባለቤት አትሆንም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ስታስታምመው የኖረችው ሴት ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው?

አዛውንቱ፦ ኑዛዜ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የእሱን ድርሻ ለልጆቹ አውርሶ፣ በቤቱ የመኖር መብቱን ግን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ለእሷ ሊሰጣት ይችላል። በእናንተ ግማሽ ላይ ሊናዘዝ ስለማይችል ግን እናንተም መስማማታችሁን በጽሑፍ ስጡ። እኔን ከጠየቅሽኝ ትክክሉ ይህ ነው፤ ልጅም ንብረቱን አያጣም፣ አሮጊትም ደጅ አትወድቅም።

ወጣቷ፦ ወንድሜን ግን «ነቅዬዋለሁ» እያለ ይፎክራል።

አዛውንቱ፦ ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው በግልጽ ተጽፎ፣ በቂ ምክንያቱም ሲገለጽ ነው። በንዴት የተነገረ ቃል ዋጋ የለውም። ባይነቅለውም ይሻላል።

ወጣቷ፦ አባቴ መጻፍ አይችልም። ዘመዶች ባሉበት በቃሉ ቢናገርስ?

አዛውንቱ፦ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚሠራው። ቤት አያወርስም። በእጅ የሚጻፈውም ለእሱ አይሆንም፤ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። ያም ቢሆን በ7 ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ለአባትሽ የሚስማማው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ከዚያ በእሱና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። «በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነቧል» የሚለው ቃል ከነቀኑ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። እሱ ከጎደለ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ምስክሮቹም ከኑዛዜው የሚጠቀሙ አይሁኑ።

ወጣቷ፦ ለእኔ ውክልና ሰጥቶኛል፤ እሱ አይበቃም?

አዛውንቱ፦ በሕይወት ሳለ ባንክና መሥሪያ ቤት ለመሮጥ ይጠቅምሻል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ግን ሰጪው ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ከሞተ በኋላ በእሱ ስም አንዲት ሰነድ እንዳትፈርሚ። ደግሞም ኑዛዜን ሌላ ሰው ወክሎ ማድረግ አይቻልም፤ ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ፈራሽ ነው፤ የየራሳቸውን ያድርጉ።

ወጣቷ፦ ከምን ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ከጋብቻ ምዝገባው ጀምሪ፤ ከዚያ ወንድሞችሽን ሰብስቢና ስለ እናታችሁ ድርሻ ተነጋገሩ። ኑዛዜው አባትሽ አእምሮው ንቁ ሆኖ፣ የሚለውን እያወቀ ሳለ ይደረግ። ዛሬ ሊደረግ ይችላል፤ ታሞ ከተኛ በኋላ ግን የሚከራከሩበት ይበዛሉ።