ክርን ሲሰበር

ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይይዛል። ክብደቱ ክርኑ ላይ ያርፍና የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ ይሰበራል። ይህ ስብራት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። አስፈሪነቱ ከቦታው ነው፤ እጅን የሚመግበው ዋናው የደም ሥር በዚያው ፊት ለፊት ያልፋል፣ ነርቮቹም አጠገቡ ናቸው። ስለዚህ ሐኪም ራጅ ከማዘዙ በፊት የእጅ አንጓውን ምት ይዳስሳል፤ ጣቶቹ ይሞቁ እንደሆነ፣ ልጁ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ክብ መሥራት ይችል እንደሆነ ያያል።

የተሰበረ ክንድ ያብጣል። በጀሶም ይሁን በወጌሻ ቀርከሃ ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደሙን ያግዳል። ደም ያጣ ጡንቻ ሞቶ ይኮማተራል፣ ጣቶችም ታጥፈው ይቀራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሲብስ እጁ ይቆረጣል፤ በአገራችን ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ልጆች አሉ፣ ይህ ደግሞ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቱን ሲያቃኑት ልጁ ከጮኸ፣ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አጥንቱ ከቦታው ካልለቀቀ 3 ሳምንት ገደማ በጀሶ መቆየት ይበቃዋል። ከለቀቀ በማደንዘዣ ተስተካክሎ በቀጫጭን ሽቦ ይያዛል፤ ሽቦው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። በአዋቂ ላይ የክርን ጫፍ ተሰብሮ ከተላቀቀ የኋላው ጡንቻ ስለሚጎትተው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያሻዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክርን ታስሮ ሲቆይ ቶሎ ይደርቃል፤ አዋቂ ሐኪሙ እንደፈቀደለት መንቀሳቀስ ይጀምር። ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በጨዋታው ራሱ ይፍታታል፣ ወራት ቢፈጅም። ቤተሰብ ግን መጠበቅ ይከብደዋል፦ በቅቤ ያሻል፣ ክርኑ እንዲዘረጋ ባልዲ ውሃ ያሸክማል፣ በጉልበት ይጎትታል። ይህ መገጣጠሚያውን ያቆስላል፤ በጡንቻው ውስጥ አዲስ አጥንት እንዲበቅልና ክርኑ ጨርሶ እንዲቆለፍም ሊያደርግ ይችላል። ለመጉረስ፣ ፊት ለመታጠብና በር ለመክፈት ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል፤ የመጨረሻዋ ጥቂት ዲግሪ ባትመለስ ተስፋ አትቁረጡ። ከጀሶ የወጣን ክርን ማንም አይሸው፤ ባለቤቱ በራሱ ጡንቻ፣ ቀስ እያለ፣ በየቀኑ ደጋግሞ ያጥፈው፣ ይዘርጋው።