ፊስቱላ እርግማን አይደለም



የዛሬው ትምህርታችን በአደባባይ ለመናገር የምናፍርበት ነገር ነው። እኔም የሃያ ዓመት ተማሪ ነኝና ስጽፈው አፍሬ ነበር። ግን አፍረን ዝም ባልን ቁጥር የሚጎዱት እኅቶቻችን ናቸው።

ፊስቱላ ምንድን ነው? ምጥ ጠንቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ፣ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ሌት ተቀን ሳታዝዘው ይፈሳል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። ጎረቤት «እርግማን ነው» ይላል፤ ባልም ጥሏት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ነገሩ ግን በቀዶ ጥገና የሚድን ቁስል ነው።

ማን ያክማል? ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከዓመታት በኋላም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ገንዘቡ በያገሩ ካሉ በጎ አድራጊዎች የተዋጣ ስለሆነ ታካሚዋ አትከፍልም። እስከ ዛሬ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። አዋላጆችን የሚያስተምር ኮሌጅም ተቋቋመ።

እንግዲህ እናስብ። የበጎ አድራጊ ገንዘብ ሆስፒታል ይሠራል። በሌሊት ቃሬዛ ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው ግን ማነው? እኛ ነን። «ቆይ፣ እስኪነጋ እንይ» ብለን የምናዘገያትም እኛው ነን።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1. በየመንደሩ ቃሬዛ ይዘጋጅ፤ ተሸካሚ ወጣቶችም በተራ ይመደቡ።

2. እድሩ ለወላዶች መጓጓዣ ጥቂት ብር ለብቻ ያስቀምጥ።

3. ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ትሂድ። ለማቆያው እህልና ማገዶ እናዋጣ፤ ልጆቿንም ጎረቤት ይጠብቅላት።

4. ልጃገረድ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳር።

ይህን ስንመክር ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ብቻ አይሁኑ። ምጡን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ቀድመው ይናገሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ!

ጥያቄዎች፦

ሀ. ፊስቱላ በምን ይመጣል?

ለ. ዛሬ ማታ አንዲት እናት ምጥ ቢይዛት፣ በመንደራችሁ ቃሬዛው የት ነው ያለው? የሚሸከሙትስ እነማን ናቸው?