በቅንፍ መካከል ያለን ጽሑፍ በሬጀክስ መፈለግና ማጥፋት



ውድ እህት ወንድሞች፣ የዛሬው ትምህርታችን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ባጭሩ ሬጀክስ፣ ስለሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ዘዴ ነው። በሬጀክስ «ከቅንፍ እስከ ቅንፍ ያለውን ሁሉ ፈልግ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በኖትፓድ++ም በፓይተንም ይሠራል።

ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ ተማሪዎችን በመኪና ለመመደብ የመጡበትን ከተማ መዘገብን እንበል፦

ፍኖተ ሰላም (ምዕራብ ጎጃም)፣ ቡሬ (ምዕራብ ጎጃም)፣ ቡሬ (ኢሉ አባ ቦር)

የከተማው ስም ብቻ እንዲቀር ቅንፎቹን ከነይዘታቸው ማጥፋት ፈለግን።

1. ሆዳሙ ትእዛዝ

\(.*\)

ቅንፍ በሬጀክስ ውስጥ የራሱ ሥራ ስላለው፣ ተራ ቅንፍ መሆኑን ለመንገር \ ይቀድመዋል። ነጥብ ማለት ማንኛውም ፊደል፣ ኮከብ ማለት ደግሞ የቱንም ያህል ጊዜ ነው። ይህ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ከፋች ቅንፍ እስከ መጨረሻው ዘጊ ቅንፍ ድረስ ይውጣል። የሚተርፈው «ፍኖተ ሰላም» ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቡሬዎች ጠፉ።

2. ቁጥቡ ትእዛዝ

\(.*?\)

የጥያቄ ምልክቱ የመጀመሪያው ዘጊ ቅንፍ ላይ ያስቆመዋል። ሆኖም አንዱ ተማሪ ቅንፉን ሳይዘጋ ከረሳ፣ ቀጥሎ ያለውን ከተማ ጨምሮ ይበላል።

3. አስተማማኙ ትእዛዝ

\([^()]*\)

[^()] ማለት ከቅንፍ በቀር ማንኛውም ፊደል ነው። ያልተዘጋውን ቅንፍ አልፎት ይሄዳል። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ካለ የውስጡን ያጠፋል፤ የውጭውን ለማጥፋት ደግማችሁ እዘዙ። ከቅንፉ በፊት ያለው ክፍት ቦታ አብሮ እንዲሄድ ከትእዛዙ ፊት አንድ ክፍት ቦታና ኮከብ ጨምሩ። ለትእምርተ ጥቅስም «[^«»]*» ብላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

4. ከማጥፋት በፊት

አሁን ውጤቱ «ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ቡሬ» ነው። ትእዛዙ በትክክል ሠርቷል፤ ዝርዝሩ ግን ተበላሽቷል። አንደኛው ቡሬ ከፍኖተ ሰላም አልፎ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልበት ነው፤ ሌላኛው በምዕራብ ኦሮሚያ ይገኛል። የሚለያቸው በቅንፍ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ብቻ ነበር። የኢሉ አባ ቦሩ ወንድማችን የጎጃም መኪና ላይ ተመደበ ማለት ነው!

ስለዚህ ማጥፋቱን ትተን የቅንፉን ይዘት እናዛውር፦

ፈልግ፦ \(([^()]*)\)
ተካ፦ ፤$1

\ የሌላቸው የውስጥ ቅንፎች ያገኙትን ጽሑፍ ይይዛሉ፤ $1 መልሶ ያወጣዋል (በፓይተን \1 ይጻፋል)። ክፍት ቦታውን በቁጥር 3 እንዳልነው ካስወገድን «ቡሬ፤ኢሉ አባ ቦር» ይሆናል። ከዚያ በ«፤» ሁለት ዓምድ አድርጎ መክፈል ቀላል ነው።

ሁልጊዜ የዋናውን ፋይል ቅጂ አስቀምጡ፤ «ሁሉንም ተካ» ከማለታችሁ በፊትም የተገኙትን አንድ በአንድ እዩ።

መልመጃ፦ በ[ ] የታጠረን ጽሑፍ የሚያጠፋ ትእዛዝ ጻፉ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናያለን፣ ኢንሻአላህ።