የታሸገ እንጀራና «ከግሉተን ነፃ» የሚለው መለያ በአሜሪካ ሕግ

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ሆኖም በአሜሪካ ታሽጎ የሚሸጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይደባለቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአለርጂ አምጪ ምግቦች መለያ ሕግ ስንዴ በማሸጊያው ላይ በስሙ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ገብስ ግን ግሉተን ያለው ሆኖ ሳለ በሕጉ ዝርዝር አልተካተተም። ስለዚህ «ስንዴ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ፣ ግሉተን አንጀታቸውን ለሚጎዳው የሴሊያክ ሕሙማን ዋስትና አይሆንም።

«ከግሉተን ነፃ» የሚለው ጽሑፍ በአምራቹ ፈቃድ የሚሰፍር ሲሆን፣ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም በታች ግሉተንን ይፈቅዳል። የእንጀራ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፤ ቡኮው ፕሮቲኑን ስለሚሰባብረው የተለመደው ምርመራ መጠኑን በትክክል ሊያሳይ አይችልም። በመሆኑም የ2020ው ደንብ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጠቀም አምራች ዱቄቱ ከመቦካቱ በፊት መመዘኛውን ማሟላቱንና በሥራ ሂደት ከስንዴና ከገብስ ጋር የመነካካት ዕድሉን መመርመሩን የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል።