የሚደማ ድድ ምን ይነግረናል?

በዚህ የጤና ትምህርት የምንመለከተው ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉትን የድድ መድማት ነው። ድዱ ሲደማ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «መፋቂያው ጎዳኝ» ወይም «ብሩሹ አቆሰለኝ» ብሎ ማጽዳቱን ያቆማል። ይህ ግን በሽታውን ያባብሳል። ምክንያቱን ለመረዳት በድዱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደሙ ከየት ይመጣል?

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ስፍራ በየዕለቱ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይለጠፋል። ሽፋኑ ሳይወገድ ሲቆይ ሰውነት የመከላከያ ሕዋሳቱን ወደዚያ ይልካል። ሕዋሳቱ የሚጓዙት በደም ሥር በመሆኑ ነባሮቹ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከእነርሱም አዳዲስ ቅርንጫፎች ይበቅላሉ። ይህን እድገት ከሚያዝዙት ፕሮቲኖች ዋነኛው በምሕጻረ ቃል ቪኢጂኤፍ ይባላል። ፕሮቲኑ አዲስ ደም ሥር እንዲበቅል ከማድረጉም በላይ የደም ሥሩ ግድግዳ ፈሳሽ እንዲያሳልፍ ያደርጋል። የታመመ ድድ የሚቀላውና የሚያብጠው ስለዚህ ነው። ወደ ጥርሱ የዞረው የድዱ ልባስም ስለሚሳሳና ስለሚቆስል፣ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ደም ሥሮች በትንሽ ንክኪ ይደማሉ። እንግዲህ ብሩሹ የገለጠው አስቀድሞ የነበረውን ሕመም ነው።

የደም ሥር መብቀል በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቁስልም የሚሽረው በእርሱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ቀስቃሹ ሽፋን በቦታው ሲቆይ ነው። ያን ጊዜ የመከላከያ ሕዋሳቱ የሚያመነጯቸው ኢንዛይሞች ድዱን ከጥርስ ጋር ያያያዘውን ኮላጅን ይበጣጥሳሉ፤ በጥርሱ ዙሪያ ኪስ ይፈጠራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቃል።

ጠቋሚዎቹ

ተመራማሪዎች ይህን የሚያዩት ከድድ ትንሽ ቅንጣት ወስደው ነው። ሲዲ 34 የተባለው ፕሮቲን በደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ላይ ስለሚገኝ፣ እርሱን ለይቶ በሚያቀልም ዘዴ ደም ሥሮቹን በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ። ኤምኤምፒ 8 የተባለውን ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይም ደግሞ በጥርስና በድድ መካከል ከሚገኘው ፈሳሽ ይለካሉ። በጤና ተቋም ግን ባለሙያው በቀጭን መለኪያ የኪሱን ጥልቀትና መድማቱን ይመረምራል። በየቤቱ ያለው ጠቋሚ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ ምራቅ ላይ የሚታይ ደም።

በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃራልድ ሎው የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩም በአንድ ሳምንት ገደማ ዳኑ። በጊዜው የተደረሰበት የድድ ቁጣ እንደሚመለስ ይህ ያስረዳል። የሟሟ አጥንት ግን በማጽዳት ብቻ አይመለስም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ

ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ድዱ እየታመመም ብዙ ላይደማ ስለሚችል አለመድማቱ አያዘናጋው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ዘንድ መቅላቱ በንቅሳቱ ቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ ስለዚህ መድማቱን ልብ ይበሉ። ነፍሰ ጡር ሴት በሆርሞን ለውጥ ድዷ ቶሎ ይደማል፤ ማጽዳቷን ግን አታቋርጥ። የስኳር ሕመምና የድድ ሕመም ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ምን እናስተምር?

አንደኛ፣ ድዱ የሚደማ ሰው በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ የድዱን ጠርዝ ሳይዘነጋ በዝግታ ያጽዳ። የወይራ መፋቂያ የሚጠቀምም ጫፉን አኝኮ በማለስለስ የውስጡንና የኋላውን ጥርስ ጭምር ያዳርስ። ሁለተኛ፣ በጥርስ ላይ የደደረ ቆሻሻ በብሩሽ ስለማይለቅ በባለሙያ ይወገድ። ሦስተኛ፣ መድማቱ በሁለት ሳምንት ካልተሻለ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም መግል ከታየ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ደሙ አልቆም ካለ ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍልም ከደማ ግን ሳይዘገይ ይሂድ።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ድዱ የሚደማ ሰው ምን ያደርጋል? ለምን?
2. ማጽዳት ማቆም በሽታውን የሚያባብሰው እንዴት ነው?
3. የስኳር ሕሙማንንና ነፍሰ ጡሮችን ይህ ትምህርት እንዲደርሳቸው በማን በኩል እናድርስ?