ሰፊው ቤትና የማይታዩት ረዳቶች

ልጆች ሆይ፤ ከጠባብ ቤት ወደ ሰፊ ቤት መግባት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሰፊው ቤት ለሚገባበት ሁሉ ወዲያው ደስታ አይሆንለትም። ይህን ነገር ዛሬ ከባሕር ዓሣ እንማራለን።

ከአገራችን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ቀይ ባሕር አለ። በዚያ ባሕር፣ በኤርትራ ጠረፍ በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ፣ ኮራል የሚባል ፍጥረት ይገኛል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ እንስሳት አንድነት ተሰብስበው ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም የሚባለውን ነገር እየወሰዱ እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ጠንካራ ቤት ይሠራሉ። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ዓሦችም በመካከሉ ይመገባሉ፤ ጠላትም ሲመጣ በዚያ ይሸሸጋሉ።

በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች እንደዚህ ያለውን ዓሣና ኮራል ከቤታቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ ያኖራሉ። ይህም ገንዳ አኳሪየም ይባላል። ዓሣው ሲያድግ ኮራሉም ሲሰፋ ገንዳው ይጠብባቸዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ትልቅ ገንዳ ያዘጋጃል። አንድ ጭብጥ ጨው በትንሽ ድስት ቢጨመር ወጡ አይቀመስም፤ በትልቅ ድስት ቢጨመር ግን ብዙም አይታወቅም። እንዲሁም በብዙ ውኃ ውስጥ ሙቀቱም ጨውነቱም ቶሎ አይለዋወጥም፤ እድፉም ቶሎ አይበረታም። ስለዚህ ትልቁ ገንዳ ከትንሹ ይሻላል።

ችኩል ሰው ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያስ ትልቁን ገንዳ ውኃ ሞልቼ ዓሣውን ብጨምርበት ይበቃል» ይላል። እንዲህም ባደረገ ጊዜ፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዓሣው ሞቶ ያገኘዋል። ቤቱ ሰፊ፣ ውኃውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ዓሣው ስለ ምን ሞተ?

ዓሣ ስንጥብ በሚባለው መተንፈሻው በኩል አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። በገንዳው ድንጋይና አሸዋ ላይ ግን ባክቴሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ገና ይጎዳልና፣ ሌላው ወገን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ የናይትሬት ጉዳት ከሁለቱ ያነሰ ነው። እነዚህ ሠራተኞች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከባዶ ተነሥተው እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጃሉ። የሚበዙትም በውኃው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይኖሩም፤ ከድንጋዩና ከማጣሪያው ጋር ተጣብቀው ነው የሚኖሩ። ስለዚህ አሮጌውን ውኃ ይዞ አሮጌውን ድንጋይ የጣለ ሰው፣ ሠራተኞቹን ጥሎ እድፋቸውን ተሸክሞ እንደ ሄደ ነው።

አስተዋይ ሰው ግን አስቀድሞ ያስባል። መጀመሪያ ክብደቱን ይቆጥራል። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ 500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር 500 ኪሎ ይከብዳል። ደካማ ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም።

ቀጥሎ ውኃውን ያዘጋጃል። በአንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ በቀይ ባሕር ውኃ ውስጥ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ይህም ጨው ለወጥ እንደምንጨምረው ያለ አይደለም፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነገር አለበት። ደግሞም በከተማ ቧንቧ ውኃ ውስጥ ተውሳክ እንዲገድል የሚጨመረው ክሎሪን ደጎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላልና አስቀድሞ መውጣት አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቦሌ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውኃው ዘወትር መናወጥ አለበት። ሌሊቱም ብርድ ነውና ውኃውን በ25 ወይም በ26 ዲግሪ የሚያቆይ ማሞቂያ ያሻል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሙቀቱም አየሩም እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ማሰናዳት ተገቢ ነው።

የመዛወሪያው ቀን ሲደርስ፣ ድንጋዩ እንዳይደርቅ በአሮጌው ውኃ በተሞላ ባልዲ ይወጣል። ኮራሉም እንዲሁ። ዓሣው መሸሸጊያ ባጣ ጊዜ ሳይባረርና ሳይደነግጥ በመጨረሻ ይያዛል። ከአሮጌው አሸዋ በታች የተከማቸ እድፍ አለና፣ አሸዋው ሳይታጠብ ወደ አዲሱ ገንዳ አይገባም። ድንጋዩና ኮራሉ ከተደላደሉ በኋላ፣ ዓሣው ባለበት ዕቃ ውስጥ የአዲሱ ገንዳ ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ሰውነቱ ሲለምደው ይለቀቃል።

ብርሃንም ቢሆን በልክ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በብርሃን ኃይል ምግብ የሚያዘጋጁለት ጥቃቅን ዕፀዋት የሚመስሉ ፍጥረታት ይኖራሉ። ብርሃን ሕይወታቸው ነው፤ ነገር ግን በድንገት ቢበረታባቸው ይጎዳሉ፤ ኮራሉም ይነጣል። ስለዚህ አዲሱ መብራት በመጀመሪያ ደከም ብሎ፣ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። ባለቤቱም በእነዚያ ሳምንታት ውኃውን እየመረመረ ምግቡን ያሳንሳል፤ «ቤቱ ሰፍቷል» ብሎ አዲስ ዓሣ ለመጨመር አይቸኩልም።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ትምህርት ስለ ዓሣ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ቦሌ ለሚ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ መንግሥት ያሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ሥራ ጀመረ። በሰፋፊ አዳራሾቹ ውስጥ ልብስና የቆዳ ዕቃ ሊሠሩ ከመጡት መካከል ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ልብሷን በሻንጣ ትይዛለች። ነገር ግን የእናቷ ምክር፣ የጎረቤቷ ሰላምታ፣ በቡና ሰዓት «ዛሬ ምን ሆነሽ ዋልሽ?» የሚላት ሰው በሻንጣ አይያዝም። በአገሯ ሳለች ኀዘኗን ያቀልሉላት የነበሩት እነዚህ የማይታዩ ረዳቶች ናቸው። ስለዚህ የሚቀበላት ሰው መኖሪያዋን፣ መንገዷን፣ የሥራዋንም ሕግ በትዕግሥት ሊያሳያት ይገባል፤ የሥራውንም ብርታት በአንድ ቀን ሁሉ አይጫንባት። እርስዋም ብትሆን ከአገሯ ሰዎች ጋር መጠያየቅን አትተው።

ከሩቅ አገር የመጣ ልጅም ወደ ክፍላችሁ በገባ ጊዜ፣ ዝም ቢል ሰነፍ ነው አትበሉት። ገና ውኃውን እየለመደ ነው። አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ የውኃውን ቧንቧና የመጫወቻውን ሜዳ አሳዩት፤ ስሙንም ጠይቃችሁ በስሙ ጥሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሕይወት ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

ጥያቄ፦
1. ትልቅ ገንዳ ከትንሽ ገንዳ የሚሻለው ስለ ምንድር ነው?
2. የማይታዩት ሠራተኞች የት ይኖራሉ? ሥራቸውስ ምንድር ነው?
3. በቦሌ ምድር ውኃው ዘወትር እንዲናወጥ የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?
4. አዲስ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን ምን ታደርጉለታላችሁ?