ከመሬት የወጣ አጥንት መልኩ የማን ነው?

በበረዶ ውስጥ ለረዥም ዘመን የተቀበረ ሰው መልኩ እንደሚለወጥ ጥሩ ማስረጃው በ1984 ዓ.ም. በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን የተገኘው ኦትዚ ነው። 5,300 ዓመት ያህል የቆየበት በረዶ አፍንጫውን ጨፍልቆ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገፍቶ፣ የግራ ጆሮውን አጥፎታል። ይህን አይቶ «የጥንቱ ሰው አፍንጫው ደፍጣጣ ነበር» የሚል ይሳሳታል።

እኛ በረዶ የምንለው ከሰማይ ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠውን ስለ ሆነ፣ በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው አፈር ነው። ከቦኬና ከአሰበ ተፈሪ፣ ማለት ከዛሬዋ ጭሮ የመጣን ተማሪዎች ዋልካ መሬትን እናውቀዋለን፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የቤት ግድግዳም ያናጋል። የተቀበረ አጥንትም ሲሰነጠቅ ደቃቅ አፈር ይገባበትና ቁርጥራጩን ከቦታው ይገፋዋል፤ በላዩ የተከመረውም ደለል ይጫነዋል።

ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ የተገኘ፣ 3.5 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል ፊቱ ጠፍጣፋ በመሆኑ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ቲም ዋይት ግን በ1995 ዓ.ም. ስንጥቆቹን የሞላው አፈር ቅርጹን እጅግ ስላዛባው ስያሜው አያስተማምንም ሲል ተከራከረ፤ ሰያሚዎቹም አልተቀበሉትም።

የእኛዋ አርዲ የደረሰባት ከዚህ የባሰ ነው። የመጀመሪያ አጥንቷን ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በአፋር፣ በአራሚስ ያገኘው በ1987 ዓ.ም. ነበር። 4.4 ሚሊዮን ዓመት በመሬት ውስጥ ስትቆይ የራስ ቅሏ ተጨፍልቆ ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀርቶ ነበር። አጥንቷ ሲነኩት የሚፈርስ በመሆኑ ከነአፈሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ወጣ። ከዚህም በኋላ ጃፓናዊው ጌን ሱዋ የራስ ቅሉን ቁርጥራጮች በራጅ አንሥቶ፣ አንድ በአንድ በኮምፒዩተር ለያይቶ ገጣጠማቸው። በዚህ ሥራ መልካሙ ዕድል የሰውነት ግራና ቀኝ መመሳሰሉ ነው፤ አንዱ ወገን ቢጎዳ የተረፈው መስታወት ይሆነዋል። የጥናቱ ውጤት የታተመው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው።

ዳሌዋ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አርዲ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር የሚለው ፍርድ በከፊል የቆመው በተጠገነው የዳሌዋ ቅርጽ ላይ ነው። ያቃናውም ቀደም ሲል የሉሲን ዳሌ ቅጂ ቆራርጦ ያስተካከለው ኦወን ላቭጆይ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት አጥንቱ ከመጠን በላይ ስለ ተሰባበረ ጠጋኙ የጠበቀውን ቅርጽ ሳይሰጠው አልቀረም ብለው ይጠራጠራሉ። እኛም የላቭጆይን ችሎታ ሳንንቅ፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነው እንላለን፤ የሉሲን ዳሌ ያቃናች እጅ የአርዲን ስታቃና ሉሲን ፈጽማ መርሳቷ ያስቸግራልና።